እንትፍ በይ

ለምን ጠራጊ ሆንሽ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ለእንጀራ ነው ብዬ ስመልስ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። መጥረጊያ የጨበጥሁት አንዲት ሴት ዞራ ዞራ እጄ ላይ እስክትወድቅ ለመጠበቅ ነው። ወረታ መገንጠያው አጠገብ ክሊኒክ ሲከፈት፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያዋ ጠራጊ እኔ ነበርሁ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ቢሆን ነው።

የሴትዮዋን ስም አልጠራም፤ ልጆቿ አሉ። ከእኛ ቤት በላይ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ጉብታ ላይ የምትኖር የባለ ብዙ ከብት ገበሬ ሚስት ነበረች። እኛ ከታች ነበርን፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ ውኃው ደጃፋችን ድረስ በሚመጣበት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አገሩ በእናቴ ድስት ወጥ ይሠራል፣ በእናቴ እንስራ ውኃ ይቀዳል፤ እናቴን ግን ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ሰው ትበላለች ይላታል። ሸክላው ከእጇ ሲወጣ ንጹሕ ነው፤ እርኩሷ እሷ ብቻ ናት። ይህን ነገር ማን እንዳሰበው ባውቅ ደስ ባለኝ።

የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ሳለሁ፣ ጎርፉ ሸሽቶ ጥቅምት ሲገባ፣ የሴትዮዋን ልጅ ንዳድ ያዘው። በፎገራ በጥቅምት ንዳድ የማይይዘው ማን አለ? ልጁ ግን ሲቃዥ የእናቴን ስም ጠራ ተባለ። ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ቡዳ ስም ይለፈልፋል፤ ቡዳው መጥቶ እንትፍ ካለበት ይለቀዋል። አገሩ የሚያውቀው መድኃኒት ይህ ነበር። ሁለት ወንዶች መጥተው እናቴን ጭቃ በእጇ እንደያዘች ክንዷን ይዘው ወሰዷት። እኔም የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ተከተልሁ።

ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ልጁ መደብ ላይ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

«እመይቴ፣ እኔ ልጅዎን በቅጡ አይቼውም አላውቅ» አለች እናቴ።

«እንትፍ በይ» አለቻት ሴትዮዋ።

«አፌ ደረቀ፤ ውኃ ያቅምሱኝ።»

«መጀመሪያ እንትፍ በይ።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለች። ምራቅ አልወጣም። ቁመቴ ከብብቷ ሥር ነበርና አፏን አይቻለሁ፤ ድምፅ ብቻ ነው የወጣው። ሰዉ ግን እፎይ አለ። ያን ጊዜ ውኃ ሰጧት፣ በሸክላ ዋንጫ። ጠጥታ ስትመልስ ሴትዮዋ ዋንጫውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተቀበለቻትና የደጃፉ ድንጋይ ላይ ወርውራ ሰበረችው። ቡዳ አፉን ያኖረበት ዕቃ ዳግመኛ አይጠጣበትማ። ዋንጫው የእናቴ እጅ ሥራ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ የሸጠችላቸው። እናቴ ወደ ልጁም ወደ ሴትዮዋም ሳይሆን ወደ ስብርባሪው ስታይ ትዝ ይለኛል።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ዳነ። ንዳድ እንዲያ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጁ በመዳኑ ግን በእናቴ ላይ ተፈረደባት፤ ባትበላው ኖሮ እንዴት በምራቋ ይድናል? ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ መሳለም ጀመረች። ገበያም ከሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ ዳር ሄዳ ትቀመጣለች። ገዢ ካልጠየቃት አትናገርም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋችው ዝም ስትል ደግሞ ልጇ ታስታውስላታለች።

ክሊኒኩ ሲከፈት ጠራጊ ተፈለገ። የገበሬ ልጅ የማታውቀውን ሰው ደምና መግል አትጠርግም። «ለቡዳ ልጅ ምን ይቀርባታል» አለ የምክትል ወረዳው ዘበኛ፤ እንዲህ ተብዬ ተቀጠርሁ። ቅር አላለኝም። እኔ ያሰብሁት ሌላ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይታመማል፤ የታመመ ሁሉ በዚያ በር ይገባል፤ በሩ ላይ ደግሞ እኔ እቆማለሁ።

ድሬሰሩ፣ ቁስል የሚያጥበውም መርፌ የሚወጋውም እሱ ነው፣ ከሸዋ የመጣ፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ሰጠኝና «ቤቱን አጽጂው፤ ስመለስ አምሮ እንዲጠብቀኝ» ብሎኝ ሄደ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ረግጬ አላውቅም ነበር። በመዳፌ ስነካው ቀዝቃዛና አመድማ ሆነብኝ፤ ያልተለቀለቀ ቤት መሰለኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት ሠርተው እበት የሚለቀልቅለት ሰው አጡ ብዬ አዘንሁለት። በፎገራ ደግሞ የማይታጣ ነገር ቢኖር እበት ነው። ትኩስ ትኩሱን መርጬ በባልዲ አመላለስሁና ከውስጠኛው ክፍል ጀምሬ እስከ በረንዳው ድረስ ለቀለቅሁት። ማማሩን ዛሬም አልክድም።

ድሬሰሩ ሲመለስ ደፉ ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እበት ነው፣ ጌታዬ።»

«እበት መሆኑንማ አፍንጫዬም ነግሮኛል። ለምን?»

«አጽጂ አሉኝ።»

በረንዳው ላይ ቁጭ አለና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ጋዋኑን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እስኪመሽ ከእኔ ጋር ሲፍቅ ዋለ። ቡዳ እንደምባል ልንገረው ብዬ አሰብሁ፤ ፊቱ ላይ እበት ሲፈናጠቅበት ግን ተውሁት።

ሥራውን ያስተማረኝ ከማግሥቱ ጀምሮ ነው። ከውስጥ ወደ በር ይጠረጋል እንጂ ከበር ወደ ውስጥ አይጠረግም። ደረቅ ወለል አይጠረግም፣ አቧራው ሰው አፍ ይገባል፤ ውኃ ተርከፍክፎበት ነው። ለንጹሑ አንድ ባልዲ፣ ለእድፉ ሌላ ባልዲ። ደም በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ ሙቅ ካገኘው ይጋገራል። ሊዞል የሚባለው መድኃኒት ውኃ ውስጥ ጠብ ሲል ውኃው ወተት ይመስላል፣ ሽታው ግን ከፀጉር አይለቅም። ሁሉንም በአንድ ወር ቻልሁት። ሸክላ ሠሪ ቤት ያደገ ሰው ጎንበስ ብሎ መዋል አይቸግረውም።

በሽተኞቹ መጀመሪያ ላይ ጤና አዳም ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይመጡ ነበር፤ ለበሽታው ሳይሆን ለእኔ፣ ቡዳ ሽታውን ይሸሻል ሲባል። እኔ ደግሞ ደፉ ላይ መጥረጊያዬን ይዤ እቆምና «እግርዎን ጠርገው ይግቡ» እላለሁ። ጭቃ ይዞ የመጣውን ባለ ጋሻ መሬት ሳይቀር መለስሁት። ድሬሰሩም «እሷ ካላስገባች እኔም አላክምም» አለልኝ። በዓመቱ ጤና አዳሙ ቀረ፤ እግር መጥረጉ ግን ጸና። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። በየቀኑ ግን ሰልፉን አያለሁ፤ የምጠብቃት የለችም።

ሳል የጠናበት ሰው አክታውን በጣሳ ይሰጣል፤ ጣሳው ሐሙስ ሐሙስ በጭነት መኪና ለምርመራ ጎንደር ይላካል። ጣሳውን መቀቀል፣ ለበሽተኛው መስጠት፣ ክዳኑን መግጠም የእኔ ሥራ ሆነ። አክታ የሚሰጠው ከቤቱ ኋላ፣ ቆሻሻ የምንቀብርበት ጉድጓድ ዘንድ፣ ሰው በሌለበትና ነፋስ ባለበት ነው። አፉ ለደረቀበት የሚሆን ውኃም በማሰሮ እዚያው ይቀመጣል። ድሬሰሩ ይህን ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። «ሰው ውኃ ሳትሰጪ አታስተፊ» ብሎኛል። ማስተፋት ሥራዬ ሆነ፤ እሷ ትምጣ እንጂ።

ቄሱ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያሉ ሲመክሩ እሰማለሁ። እኔ ጸሎቱን ተውሁና ቂሙን ያዝሁ። ሳሉ የእሷ ድርሻ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በበቅሎ መጣች። በቅሎዋን የሚስበው ያ ልጅ ነው፣ ጎረምሳ ሆኗል። ሴትዮዋ ደርቃለች፤ አንገቷ የቅል አንገት አክሏል። ጆሮዋ ላይ ጤና አዳም አለ። ድሬሰሩ ደረቷን አዳምጦ ጣሳ እንድሰጣት አዘዘኝ። ወደ ኋላ ወሰድኋት። ልጁ ከበቅሎዋ ጋር ፊት ለፊት በኩል ቀረ።

ሌላውን አዛውንት ሁሉ አንቱ እል ነበር። ጣሳውን አስያዝኋትና «እንትፍ በይ» አልኋት።

ሳለች፣ ሳለች፤ ምንም አልወጣም። «አፌ ደረቀ፣ ልጄ። ውኃ አቅምሽኝ» አለች።

ያችኑ ቃል ማለቷ ነው። ማሰሮው እግሬ ሥር ነበር። አሥርም አሥራ አንድም ዓመት ይሁን፣ ያ ሁሉ ጊዜ ለዚህች ደቂቃ ነው የኖርሁት።

«መጀመሪያ እንትፍ በይ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ማን እንደሆንሁ ሲገባት አየሁ። ማሰሮውን ዳግመኛ አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለች፣ እንደ እናቴ፣ ድምፅ ብቻ። ጣሳውን ተቀብዬ ውስጡን አሳየኋት።

«ደረቅ ነው። ለሐሙስ ነይ» አልኋት።

ድሬሰሩ ጣሳው ለምን ባዶ ሆነ ሲለኝ አልወጣላትም አልሁ። ውኃ ሰጥተሻታል ሲለኝ አዎን አልሁ። ጠራጊ ሆኜ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። መኪናው ያለ እሷ ጣሳ ሄደ። ያን ቀን ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልሁት፤ እየዘፈንሁ።

ቤት ስገባ ለእናቴ እየሳቅሁ ነገርኋት፤ ሴትዮዋ እንዴት ጎንበስ እንዳለች በራሴ አሳየኋት። እናቴ ጭቃ ትረግጥ ነበር፤ እግሯ ቆመ።

«ውኃው ነበር?» አለች።

«ነበር።»

«ቅርብ?»

«እግሬ ሥር።»

በማግሥቱ ከጭቃው ቆንጥራ ዋንጫ መሥራት ጀመረች። እንስራና ጋን በሚጠብቋት ሰሞን አንዲት ዋንጫ ይዛ ዋለች። በድንጋይ አለሰለሰቻት፤ ጥላ ላይ አደረቀቻት፤ ለብቻዋ እሳት አንድዳ አቃጠለቻት። ረቡዕ ዕለት እጄ ላይ አኖረችልኝ። ከእጇ ከወጡት ሁሉ እንዲያ ያማረ አላየሁም።

«ነገ በዚህ አጠጫት» አለችኝ።

«ለምን? ለእሷ?»

«አፍ ሲደርቅ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ደግሞ ከንፈሯ ይንካው። ከነካው ይበቃኛል። ከጠጣች በኋላ አምጪልኝ፣ ልየው።»

እናቴ የፈለገችው እንደ እኔ በቀል ይሁን ወይስ ሌላ፣ ዛሬም አልለየሁትም። እኔ ግን የፈለግሁትን አውቅ ነበር። ሌሊቱን ዋንጫውን አቅፌ ሳስብ አደርሁ፤ በቀሉ ገና ግማሽ ነበር።

ሐሙስ መጣች። ባንድ ሳምንት ብሶባታል፤ ልጇ ደግፎ እስከ ቤቱ ማዕዘን አደረሳትና ተመለሰ። ከማሰሮው ቀድቼ በዋንጫው ሰጠኋት።

«እናቴ የሠራችው ነው» አልኋት። «ለአንቺ ብላ።»

ዋንጫውን አየችው። ትተወዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትተወውም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው። ከዚያ ሳለችና ጣሳው ውስጥ ተፋች፤ ወፍራም፣ ደም ያለበት። ክዳኑን ገጠምሁ። ዋንጫውን እንድቀበላት ዘረጋችልኝ።

በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ተቀበልኋት። ወደ ላይ አነሣሁትና የጉድጓዱ አፍ ሲሚንቶ ላይ ወረወርሁት።

ስብርባሪውን ቁልቁል አየችው፣ ልክ እናቴ እንዳየችው። እኔም መጥረጊያዬን አምጥቼ፣ ከእሷ እግር ሥር ሳይቀር ጠርጌ፣ ጉድጓድ ከተትሁት። ኖራ በላዩ ነሰነስሁበት፣ ሲሚንቶውን በሊዞል አጠብሁት። ንጹሕ ሥራ ነበር። ያን ቀን ሞቼ ቢሆን ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር።

ማታ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ጠጣች?»

«ጠጣች።»

«ዋንጫውስ?»

ሰበርሁት ልላት ነበር። እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ ሳይ ግን ተውሁት። «ወሰደችው» አልኋት። «ደስ አላት፤ ልውሰደው ብላ ቤቷ ወሰደችው።»

እናቴ እጇን አልሰበሰበችም፤ እንደተዘረጋ ቀረ። «ቤቷ?» አለች። «ቤቷ አስገባችው?» ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ቀስቅሳ ይህንኑ ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልፋ ገባች። ማንም ምንም አላላትም። ምናልባት ቀድሞም የሚላት ሰው አልነበረም ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

ወረቀቱ ከጎንደር መጣ፤ የሴትዮዋ ሳንባ ተጎድቷል፣ መርፌ ታዘዘላት። በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ወለሌን ረግጣ ትገባለች፣ ረግጣ ትወጣለች። አንነጋገርም። ዋንጫውን አታነሣም፤ እኔም አላነሣም። እያየኋት ወፈረች። ደስታዬ ግን ዕለት ዕለት እየከሳ ሄደ፤ እናቴ ስለ ዋንጫው ባወራች ቁጥር ኮሶ የጠጣሁ ያህል ይመረኛል።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። የወረታ ገበያ ጢም ብሏል። ሥራ ስለሌለኝ ከእናቴ ጋር ድስቶቹን ደርድሬ ተቀምጫለሁ። ሴትዮዋ በእኛ በኩል ስታልፍ እናቴ ብድግ አለች። እናቴ! ገዢ ካልጠየቃት የማትናገረዋ። ለመያዝ እጄን ሰድጄ ነጠላዋ አመለጠኝ።

«እመይቴ፣ እግዜር ይማርዎ» አለች። «ዋንጫው ደኅና ነው?»

ሴትዮዋ እናቴን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ በእጇ ነበርሁ። ልጅሽ ሰበረችው፣ ፊቴ ላይ ሰበረችው፣ ጠርጋ ጉድጓድ ጨመረችው ብትል እውነቷን ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እል ነበር። ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ እላት ነበር።

«ደኅና ነው» አለች ሴትዮዋ። «ውኃ ያቀዘቅዛል። በሌላ አልጠጣም አሁን።»

እናቴ ሳቀች። ጥርሷን ካየሁ ስንት ዓመቴ ነበር። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተቀመጠች፣ አጠገቧ ላለችው ሸክላ ሠሪ «ዋንጫዬ እሳቸው ቤት ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዳግመኛ ሳትዞር ሄደች።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ይህንኑ ስታወራ ሞተች። በለቅሶው ሴትዮዋ መጣች፤ ሰው መሀል ተቀምጣ «ዋንጫዋ እቤቴ አለ» አለች፤ ሰዉም ነፍስ ይማር አለ። ስብርባሪው የት እንዳለ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፣ እኔ የጠረግሁት፣ እሷ ቆማ ያየችው።

እናቴን አስጎንብሳ ማስተፋቷን፣ ውኃ መንሣቷን፣ ዋንጫ መስበሯን ሁሉ በእጄ ከፍያታለሁ፤ ለዚያ የቀረኝ ቂም የለም። ያን ቅዳሜ በገበያ መሀል ግን እውነቱን መናገር ስትችል ዋሽታ እናቴን አሳቀችብኝ። ይህን ምን አድርጌ እንደምከፍላት አላገኘሁም፤ አልማራትምም።